የጥቁር ጆሮው መሐላ

ግንቦት 1 ቀን 1979፣ ቅዳሜ

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ። የመንጠቆ ክር ያለ መነጽር አስራለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ሳልደገፍ እወጣለሁ። ከላይ ስደርስ ትንሽ እቆማለሁ፣ እሱም ቁልፍ ስፈልግ ነው። አሳ እበልታለሁ። መሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝን ፊደል አልረሳሁም፣ ይኸው እጽፋለሁ። መኪና አልነዳም። ፈተናውን ጣሉኝ... እነሱ ጣሉኝ እንጂ እኔ አልወደቅኩም።

ሽፈራው "አባዬ፣ ሲኒየር ሴንተር ልውሰድህ፣ እኩዮችህ አሉ፣ ቢንጎ ይጫወታሉ" ይለኛል። የወለድኩት ልጅ። ቢንጎ!

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጓደኛዬ አያሌው መጥቶ ክላክስ ነፋ። እንደ ሁልጊዜው ሁቨር ሐይቅ ሄድን። እዚያ ውሃ ውስጥ መዳፍ የሚያህል ክብ አሳ ሞልቷል። ፈረንጆቹ በጅምላ ሳንፊሽ ይሉታል። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ስማቸው ምላሳችን ላይ አልገባ ሲለን እኔና አያሌው የራሳችንን አወጣን። ብሉጊል የሚሉትን ጥቁር ጆሮ አልነው። ከራሱ ጎን ያለው ክዳን፣ እኛ ጆሮ የምንለው፣ ከሰል የነካው ይመስላል፣ አፉ ጠባብ ነው። ግሪን የሚሉትን አፈ ሰፊ። ጆሮው ጫፍ ላይ ቀይ ያለበትን ባለ ጉትቻ።

ደንብም አለን። ግንቦት ውስጥ ትልቁን ጥቁር ጆሮ ያወጣ ሰመሩን፣ የሙቀቱን ወራት ሙሉ፣ የአሳ ባልዲ አይሸከምም። የተሸነፈው ይሸከማል፣ አሳውንም እሱ ይበልታል። አፈ ሰፊ አይቆጠርም። ያገኘውን መንጠቆ የሚውጥ ጅል ነው፣ ማንም ያወጣዋል። አምና አያሌው አሸነፈኝ። ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፣ ባልዲውን ግን እኔ ተሸከምኩ። እያፏጨ ከፊቴ ይሄዳል...

ዘንድሮ አይሆንም።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ፊደሌ ዛሬ ተንጋዷል። ከእርጅና አይደለም። ከንዴት ነው።

ጠዋት ከድንጋዮቹ አጠገብ አንድ ሳበኝ። ምን ዓይነት መሳብ! ዘንጉ ጎበጠ። ታገልኩት፣ አወጣሁት። ሳህን የሚያህል። ጆሮው ጥቁር። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥላ ጥላ አለው። ሌላ ምን ይሆናል? ጥቁር ጆሮ ነው።

"አያሌው፣ ና ባልዲህን ተለማመድ!" አልኩት።

መጣ። ጎንበስ ብሎ አየ። ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄማ አፈ ሰፊ ነው፣ ሀብቴ።"

"ዓይንህ ጠፋ እንዴ? ጆሮውን እይ!"

"አንተ አፉን እይ። ዓይኑ ሥር ደርሷል። የክንፉም ጫፍ ቢጫ ነው። ጥቁር ጆሮ ይሄን የሚያህል አፍ አለው?"

"ያንተን የሚያህልማ የለውም!"

ሳቀ። "ባልዲ ከበደህ ተብሎ የአሳ ዘር አይቀየርም እኮ" አለኝ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ምን እንደምል ሳላውቅ... አይ፣ አውቄ ነው። "ንጹህ ጥቁር ጆሮ ካልሆነ የፀሐይወርቅ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!" አልኩ።

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ቆሞ አየኝ።

"ለአሳ? ለአሳ ብለህ የእትዬ ፀሐይን አጥንት ትጠራለህ? አፈርኩልህ።"

ለምን ያፍርልኛል? ሚስቴ ናት። የቀበርኳት እኔ። እዚህ አገር መጥታ ሁለተኛውን ክረምት ሳትጨርስ የቀበርኳት እኔ ነኝ። የምምልባትም እኔ።

"ግባ ላድርስህ" አለ። አልገባም አልኩ። አሳውን በፌስታል አንጠልጥዬ ሰንበሪ ሮድን ይዤ በእግሬ መጣሁ። መኪናው ሁሉ ክላክስ ይነፋብኛል። አያሌው ደግሞ መስኮቱን አውርዶ ከኋላ ቀስ እያለ፣ "ሀብቴ፣ ተው! ሀብቴ፣ የሰው መሳቂያ አታድርገን!" አልዞርኩም።

ቤት ገብቼ አሳውን ስጠቀልል የጀርባው እሾህ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ደማ። አሳ ይወጋል። ስንቴ ወግቶኛል። ምን አዲስ ነገር አለ?

ግንቦት 9፣ እሑድ

ጣቴ አብጧል። ትንሽ ነው።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ሂሩት ፍሪዘሩን ከፍታ ጮኸች። የሽፈራው ሚስት ናት። ክፉ አይደለችም፣ ግን ቤቷ አሳ እንዲሸት አትፈልግም።

"አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው? አፍጥጦብኛል እኮ!"

"ኤግዚቢት ነው። አይነካም።"

"የምን ኤግዚቢት?"

"የክስ።"

ሽፈራው ከሥራ ሲገባ ነገረችው። "አባዬ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ፊሽ" አለኝ። ለአንተ ነው ጀስት፣ ተራ አሳ። ደግሞ ጣቴን አየና "ኢንፌክት አድርጓል፣ ዶክተሩን ኮል ላድርግ" አለ። ማንንም ኮል እንዳታደርግ አልኩት። በሙቅ ውሃና በጨው እየዘፈዘፍኩት ነው። እሾህ ነው። የአሳ እሾህ።

ፀሐይወርቅ አሳ በልታ አታውቅም። "ዓይኑን ሳይከድን የሚሞት ነገር ጉሮሮዬ አይወርድም" ትል ነበር። እኔ ስበላ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። አያሌው፣ እንደ ሽፈራው፣ ብቻውን ከሱዳን የመጣ ጊዜ ግን፣ አሳ ይወዳል ብላት፣ አፍንጫዋን በነጠላ ሸፍና ጠበሰችለት። ለእሱ! ለእኔ አንድ ቀን ጠብሳልኝ አታውቅም።

ግንቦት 15፣ ቅዳሜ

ክላክስ አልተነፋም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር... ለአየር ነው የቆምኩት።

ግንቦት 23፣ እሑድ

ሽማግሌ መጣብኝ። በእኔ ዕድሜ እኔ ነኝ ሽማግሌ የምባለው፣ ልጆች መጥተው ሊሸመግሉኝ! ነጋና ዘውዱ። ነጋ ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ያለው ነው። ወሬው እዚያ ደርሷል፣ በርበሬ የሚገዛ ሁሉ "የጋሼ ሀብተማርያም አሳ እንዴት ሆነ?" ይላል አሉ። ዘውዱ አገር ቤት ፍርድ ቤት የሠራ ነው፣ መዝገብ ቤት። አያሌውን አስከትለው ገቡ።

ዘውዱ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

"ከሳሽ ማነው?"

"እኔ።"

"ተከሳሽ?"

"እሱ ነው።"

"ያጠፋውስ?"

"የአሳዬን ስም አጠፋ።"

ነጋ ወደ ግድግዳ ዞረ። ትከሻው ይነቃነቃል። እየሳቀ እንደሆነ አይቻለሁ።

"ኤግዚቢቱ ይቅረብ" አለ ዘውዱ። አመጣሁ። ሲንኩ ውስጥ ሙቅ ውሃ ለቀንበት። ሲቀልጥ... ምን ልበል? ግራጫ ሆኗል። ቢጫውም ጥቁሩም የለም። የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ይመስላል። ዘውዱ በቢላ ጫፍ ጆሮውን ገለጥ አደረገ፣ አሸተተ፣ ፊቱን ቋጠረ።

"ማስረጃው ደብዝዟል።"

"አንተ ነህ የደበዘዝከው!" አልኩት።

"ጋሼ፣ እኔ አሳ ያየሁት ጣሳ ውስጥ ነው። አዋቂ ይጠየቅ።"

ነጋ "ሐይቁ ጋ የመንጠቆ ትል የምትሸጠው ሴትዮ ትጠየቅ" አለ። ተስማሙ። አያሌው ቡናውንም አልጠጣም። ግድግዳው ላይ ያለውን የፀሐይወርቅን ፎቶ ነበር የሚያየው። ምን አስተያየት ነው እሱ? እኔ ቤት ተቀምጦ!

አሳው ፍሪዘር ተመለሰ። ሂሩት በሩን ጠርቅማ ወጣች።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

ሽምግልና ነው ብለው ነጋም ዘውዱም ኮትና ከረባት አድርገው መጡ። እኔም ጋቢዬን ደረብኩ። ሽፈራው ሊያስተረጉም፣ አያሌው ከነጭፍግግታው። አምስት ሆነን ትል ቤት ገባን። ሴትዮዋ ዶሪስ ትባላለች። አየችንና ኮፍያዋን አወለቀች።

"ሰው ሞቶባችሁ ነው?"

"አይ፣ አሳ ነው" አላት ሽፈራው። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

አልሳቀችም። ይሄን ወደድኩላት። ጋዜጣ አነጠፈች፣ አሳውን አጋደመች። ከለሩን ተዉት አለች፣ የሞተ አሳ ከለሩ አይታመንም። አፉን ከፈተች። ለጥቁር ጆሮ በዛ፣ ለአፈ ሰፊ አነሰ አለች። ጆሮውን ገለጠች። ጫፉ ላይ ክር የምታህል ፈዛዛ ጠርዝ አለችበት። ጥቁር ጆሮ እስከ ጫፉ ጥቁር ነው፣ ጠርዝ የለውም። ከዚያ የደረቱን ክንፍ ዘርግታ ወደ ፊቱ አጠፈችው። የጥቁር ጆሮ ሹልና ረጅም ነው፣ ዓይኑን ያልፋል። የአፈ ሰፊ ድብልብል ነው፣ ዓይኑ ጋ አይደርስም። የዚህ... ዓይኑ ጋ ደርሶ ቆመ።

"ሃይብሪድ" አለች።

"ምን አለች?"

"ክልስ ነው፣ አባዬ። አንዱ ወላጁ ጥቁር ጆሮ፣ አንዱ አፈ ሰፊ።"

ዘውዱ ቀና አለ። "አባትየው የትኛው ነው? ጠይቃት። በአባቱ ይጠራል፣ ነገሩም ያልቃል።"

ሽፈራው አፍሮ ጠየቃት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሳቀች። እኔ አላውቅም፣ አሳውም የሚያውቅ አይመስለኝም አለች። እንዲህ ዓይነቱ ቶሎ ያድጋል፣ ኃይለኛ ነው፣ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል አለች።

ነጋ እጁን አጨበጨበ። "በቃ! ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ተሳሳሙ!"

አያሌው እጁን ዘርግቶ መጣ። አቀፈኝ። ጆሮዬ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ "አሳውን ተውኩልህ። ባልዲውንም እሸከማለሁ። አጥንቷን ግን ከዚህ ነገር አውጣ" አለኝ።

ገፋሁት። "አንተ ማነህና ነው የምታዘኝ?" አልኩ። በሴትዮዋ ፊት፣ በሽማግሌ ፊት። ወጥቼ ሄድኩ። አሳው ጋዜጣው ላይ ቀረ።

ግማሽ ልክ! ምን ማለት ነው ግማሽ ልክ? "ንጹህ" ብዬ እኮ ነው የማልኩት። ነጋ ሽንኩርት ሲመዝን ግማሽ ይበል። መሐላ እንዴት ግማሽ ይሆናል? ወይ እውነት ነው ወይ...

ሰኔ 1፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። ዘውዱ አሳ በጾም አይበላም ይላል፣ ነጋ ይበላል ይላል። ግሮሰሪው ውስጥ ተጯጯሁ አሉ። እነሱን ማን ይሸምግላቸው?

ጣቴ ከላይ ድኗል። ስጫነው ግን ውስጥ የሆነ ነገር አለ። ስባሪ ቀርቶ ይሆናል። ሽፈራው በመርፌ ላውጣልህ አለ። አትነካኝም አልኩት። ለምን እንደጮህኩበት አላውቅም።

ስለ አሳው አፍ አልጻፍኩም። ያን ቀን ስጽፍ ጆሮውን ጻፍኩ፣ ጎኑን ጻፍኩ... አፉን አያሌው ነው ያነሳው። እኔ ለምን ዘለልኩት?

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

በእግሬ ሁቨር ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም። ሁለቴ ተቀምጬ አረፍኩ፣ ጉልበቴ እንጂ እኔ አልደከምኩም።

ውሃው ጠርቷል። ዳር ዳሩን ጥቁር ጆሮዎቹ ጎጆ ሠርተዋል። በጅራታቸው ጠርገው ያደረጉት፣ ክብ ክብ፣ አንዱ ካንዱ ተጠግቶ እንደ መንደር። ወንዱ የራሱን ይጠብቃል። የመጣውን ሁሉ ያባርራል። አንድ አፈ ሰፊ ከሳሩ ውስጥ ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ያባርሩታል፣ ደግሞ ይመጣል። እንዲህ ነው ለካ... ስንት ዓመት እዚያ ተቀምጬ ወደ ታች አላየሁም። የመንጠቆዬን ክር ነበር የማየው።

አንድ ጥቁር ጆሮ ያዝኩ። መንጠቆውን ሳወጣ አውራ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ጥፍሬ ብቻ ገባ። ቀጥሎ አፈ ሰፊ ያዝኩ። እስከ አንጓዬ ዋጠኝ። ሁለቱንም ለቀቅኳቸው። ብዙ ቆየሁ። ፀሐይ አናቴን በላችው። ከዚያ ድንጋዮቹ አጠገብ ያው መሳብ መጣ። ያው ኃይል። አወጣሁት። ጥቁር ጆሮ ይመስላል። ጣቴን ከተትኩ። ጥፍሬን አለፈ... አንጓዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ያን ቀንም እንደዚሁ ነበር። አያሌው ገና ሳይመጣ፣ መንጠቆውን ሳወጣ፣ ጣቴ አልፎ ገብቶ ነበር። ተሰምቶኝ ነበር። ንጹህ እንዳልሆነ ጣቴ ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የማልኩት።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። አያሌው።

"ማን አመጣህ?"

"እግሬ።"

"ምን ያዝክ?"

"ክልስ" አልኩት። አሳውን ውሃ ውስጥ መለስኩት።

ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ክር ጣለ። ከዚያ ውሃውን እያየ ማውራት ጀመረ።

"እትዬ ፀሐይ አሳ የጠበሰችልኝ ቀን ስታለቅስ ነበር። ሽታው ነው መሰለኝና ልተወው ስል፣ ብላ አለችኝ። 'ሽፈራውም ሱዳን በረሃ እንዲህ ሲርበው የማታውቀው ሴት አብልታልኝ ይሆናል፣ የእሷን ነው የምመልሰው' አለችኝ።"

ክሩን ጠቀለልኩ።

"እኔ በባልዲ አልተቀየምኩህም፣ ሀብቴ።"

ፀሐይወርቅ ይሄን ለእኔ አልነገረችኝም። ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ። ለአያሌው ነገረችው! መንገዱን ሁሉ ስናደድ መጣሁ። በእሷ፣ በእሱ... ከዚያ ደግሞ አሰብኩት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትቀመጥ፣ ምን ሆነሻል ብዬ መቼ ጠየቅኳት?

አያሌው ላድርስህ ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩ። የመኪናው የፊት ወንበር ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ፀሐይወርቅ ትቀመጥበት የነበረ ነው። ያንን መሐላ ይዤ እዚያ ላይ አልቀመጥም። ይሄን ግን አልነገርኩትም። እግሬን ላፍታታ ነው አልኩት።

ሰኔ 7፣ እሑድ

ሽፈራው ዛሬ ጠዋት "አባዬ፣ ከጋሼ አያሌው ጋር እኔ አስታርቅሃለሁ፣ አንተ ምንም አትበል" አለኝ። ምንም አትበል! አፍ የለኝም? የእኔን ዕዳ ማንም አይከፍልልኝም። ይኸው እጽፈዋለሁ፣ ራሴ እከፍለዋለሁ።

ለሂሩት፦ ፍሪዘሯ እስካሁን ይሸታል። በሎሚ አጥበዋለሁ። ሥራ ስትሄድ ነው፣ ቆማ እንዳታየኝ።

ለዶሪስ፦ አመሰግናለሁ ሳልል ወጥቻለሁ። በራሴ እንግሊዝኛ እነግራታለሁ። ካልገባት እደግመዋለሁ።

ለነጋና ለዘውዱ፦ በማያውቁት ነገር ደክመውልኛል። ጾሙ ሲፈታ ጠርቼ አበላቸዋለሁ። ስለ አሳ ያነሳ ግን ይወጣል።

ለሽፈራው፦ ሱዳን በረሃ ማን አበላህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እጠይቀዋለሁ።

ለአያሌው፦ "ጣቴ ያውቅ ነበር፣ አውቄ ነው የማልኩት" እለዋለሁ። ቆሜ፣ ዓይኑን እያየሁ። ቢስቅ ይሳቅ። ከሳቀ ግን... እንተያያለን።

ለፀሐይወርቅ፦ እሷ ናት የመጀመሪያዋ። መጨረሻ ላይ የጻፍኳት እጄ እንቢ ስላለኝ ነው። ነገ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ማንም አያደርሰኝም። መቃብሯ ላይ ቆሜ፣ በውሸት ነው የጠራሁሽ፣ በደልኩሽ፣ መሐላውን አንሺልኝ እላታለሁ። ከጎኗ ሆፍማን የሚባል ፈረንጅ ተቀብሯል። በሹክሹክታ አልናገርም። እሱም ይስማ።